ዘጠኝ ደቂቃ የሚሄድ ሞተር

እኔ የሸክላ ሠሪዋ የአዜብ ልጅ ጵርስቅላ፣ የማንንም ሞተር አላበላሸሁም። ይህን ገና ከጅምሩ አፌን ሞልቼ የምናገረው ሰሞኑን ሀደሮ ገበያ ላይ ሌላ ወሬ ስለሚዞር ነው። "ዕንባቆም ሊያገባ ነው ሲሏት ቀናችና የጀልባውን ሞተር ነካካችው" ይላሉ። "ሽማግሌዎቹን ሐይቅ መሃል አስቀረቻቸው" ይላሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ምን ታደርጊዋለሽ፣ ዘራቸው ነው" ይላሉ። እነዚህን የመጨረሻዎቹን ጌታ ይቅር ይበላቸው፤ እኔ ገና አልደረስኩበትም።

ወሬው እኔ ዘንድ የደረሰው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጋሽ ናስረዲን ጋራዥ ውስጥ የባጃጅ ካንዴላ እያጸዳሁ ነበር። ጋሽ ናስረዲን አሠሪዬ ናቸው። ሆሳዕና ቴክኒክና ሙያ ተምሬ ስመለስ አገሩ ሁሉ "ሴት መካኒክ!" ብሎ ሲስቅብኝ፣ ቱታ ወርውረውልኝ "ሳቁን ተዪውና ያንን ሞተር አስነሺው" ያሉኝ ሰው ናቸው። አስነሣሁት። ይኸው አምስት ዓመቴ።

በሩ ላይ ጥላ አየሁና ቀና አልኩ። ወይዘሮ ገነቴ ናቸው፤ የዕንባቆም እናት። ከኋላቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ ሳህሉ ቆመዋል። ወይዘሮ ገነቴ እሁድ እሁድ ሲያገኙኝ እጃቸውን ነጠላቸው ውስጥ እንደደበቁ "ጌታ ይባርክሽ" ይሉኛል። የዚያን ቀን እሱንም አላሉኝም። ጋራዡ ውስጥም አልገቡም፤ ደፉ ጋ ቆመው ጮኹ።

"አንቺ ልጅ! ሞተሩን ምን አደረግሽው?"

"የትኛውን ሞተር?"

"የልጄን ነዋ! ሐሙስ ዕለት ሽማግሌ ይዘን፣ የማዶዋን ልጅ ልንጠይቅለት ስንሻገር ውሃ መሃል ቀጥ አለ። ሰው ደግሶ ማዶ ይጠብቀናል፣ እኛ እንደ ግንድ እንንሳፈፋለን! ከዚያ በፊት ሞተሩን የነካ ካንቺ በቀር ማን አለ?"

ከዚህ ሁሉ ንግግር የሰማሁት "የማዶዋን ልጅ" የሚለውን ብቻ ነው። ካንዴላው ከእጄ ወደቀ።

"ማን ነበር የሚነዳው?" አልኩ። ድምፄ የኔ አልመስል አለኝ።

"ማን ይነዳል? ራሱ ዕንባቆም ነዋ።"

አያችሁ፣ ሰው እንዲህ ነው የሚገደለው። ሌላ ሴት ሊያጩለት ሲሄዱ ጀልባውን የነዳው ራሱ ነው። ያንን ሞተር ከዐሥር ቀን በፊት ዘይቱን የቀየርኩለት፣ ካንዴላውን የጠረግኩለት፣ "መልካም መንገድ" ብዬ የሸኘሁት ደግሞ እኔ ነኝ። ለማን እንደምጠግነው ሳላውቅ ጠግኜ ሰጠሁ።

ዕንባቆምን ያወቅኩት በዚያው ሞተር ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሙ ባለ አርባ የፈረስ ጉልበት የጀልባ ሞተር ላከለት። ኦሞ ተገድቦ ሸለቆው ሐይቅ ከሆነ ወዲህ ማዶ ዳውሮ ጉዳይ ያለው ሁሉ በጀልባ ይሻገራል። ዕንባቆም ግን ስለ ሞተር የሚያውቀው ገመዱን ሲጎትቱት እንደሚጮህ ብቻ ነበር። ጋራዥ ይዞት መጣ። እኔ ሽፋኑን ከፍቼ ሳስረዳው እሱ ሞተሩን ትቶ እጄን ያያል።

"ግራሶ ነው፤ አታፍጥበት" አልኩት።

"ግራሶውን አይደለም የማየው" አለኝ።

ከዚያ ወዲያ እንደዚያ ሞተር የታመመ የለም። ካንዴላው ሳይቆሽሽ ሊያስጠርግ ይመጣል፤ ዘይቱ ሳይጎድል ሊያስለካ ይመጣል። ጋሽ ናስረዲን አንድ ቀን "ይሄ ልጅ ሞተሩን ይዞ ከሚመላለስ አንቺን ይዞ ቢሄድ ቤንዚን ይቆጥባል" ብለው አሳቁብን። እኔ ግን ስቄም ልቤ ይፈራ ነበር።

ምክንያቱም እናቱ አወቁ። "የሸክላ ሠሪ ልጅ ከቤቴ አትገባም" አሉ። በእናቴ ድስት ወጣቸውን ይሠራሉ፤ በእናቴ እንስራ ውሃቸውን ያስቀምጣሉ፤ እናቴን ግን ከደጃቸው አያሳልፏትም። እሁድ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን አንድ መዝሙር እንዘምራለን፤ ሰኞ ደግሞ ዘር ይቆጠራል። እሁድ ተጀምሮ ሰኞ የሚያልቅ ምን ዓይነት እምነት ነው? ይህን አንድ ቀን ጮክ ብዬ እጠይቃለሁ እያልኩ ነበር። ቀኑ የመጣ መሰለኝ።

ካንዴላውን ከመሬት አነሣሁና እጄን ጠረግኩ።

"ጋሽ ሳህሉ" አልኩ፣ "እርስዎ ጀልባው ላይ ነበሩ። ሞተሩ እንዴት አድርጎ ነው የቆመው?"

ጋሽ ሳህሉ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ናቸው፤ ግን የዚያን ዕለት ፊታቸው ከብዶ ነበር። "ሲነሣማ ደህና ነበር። እንደ ጎረምሳ በሬ ገፋ። ጥቂት እንደሄድን ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ መጣና ጉልበት አጣ፤ ቆመ። አርፎ ሲነሣ ደግሞ ሄደ፤ ተመልሶ ቆመ። ሦስት ጊዜ እንዲህ አደረገን። ኋላ ዓሣ አጥማጆች ናቸው ጎትተው ያወጡን።"

"ቤንዚን ነበረው?"

"ሞልቶ።"

ቤንዚን ሞልቶለት የሚራብ ሞተር። መጀመሪያ የመጣልኝ የታንኩ ክዳን ነው። ግን ወዲያው ተውኩት። ምክንያቱም ባለፈው ክረምት ዕንባቆም ሐይቁ ላይ ብቻውን ሲመላለስ እንዳይጨነቅብኝ ብዬ ደብዳቤ ጽፌለት ነበር። ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ።

"ዕንባቆም፣ ሞተሩ በድንገት ጉልበት ካጣብህ አትደንግጥ። መጀመሪያ የቤንዚን ታንኩ ክዳን ላይ ያለችውን ትንሿን ብሎን እያት። እሷ ከተዘጋች ታንኩ አየር አያገኝም፤ አየር ካላገኘ ቤንዚን አይሰጥም። ቀጥሎ ቤንዚን የሚያስተላልፈው ጎማ መሃል ያለችውን የእጅ ፓምፕ ጨብጣት፤ ጠንከር ካለች ደህና ነው። ከዚያ ሞተሩን አጥፍተህ ውሃ ውስጥ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ላይ ሣር ወይ ፌስታል ተጠምጥሞ እንደሆነ ተመልከት። ከሞተሩ ጎን የሚወጣው ውሃ ከቆመ ደግሞ አትንዳው፣ ይቃጠላል። ከዚያ ፊልትሮውን፣ ከዚያ ካንዴላውን። ይህን ሁሉ አይተህ እምቢ ካለህ ጥራኝ። እኔ እምቢ አልልህም።"

ክዳኑን መጀመሪያ እንዲያይ ጽፌለታለሁ፤ ስለዚህ አይቶታል ማለት ነው። እንዲህ ብዬ አሰብኩ። መካኒክ ሳትፈትሽ ማመን የለባትም፤ እኔ ግን በሱ አምኜ አንድ ነገር ዘለልኩ።

"እማማ ገነቴ" አልኩ፣ "ሰኞ ጠዋት ሐይቁ ዳር እመጣለሁ። ሞተሩን እናንተው ፊት እፈትሻለሁ። ያጠፋሁት ነገር ከተገኘ ቱታዬን አውልቄ እሰጥዎታለሁ፤ ሁለተኛ ሞተር አልነካም። ግን እርስዎም ይሳፈራሉ፣ ጋሽ ሳህሉም ይሳፈራሉ። ከዳር ቆሞ መፍረድ የለም።"

"ካንቺ ጋር አንድ ጀልባ ላይ?" አሉ ወይዘሮ ገነቴ።

"ስሜን ያጠፉት ከኔ ጋር ሳይሳፈሩ ነው። የሚያጠሩት ግን ተሳፍረው ነው።"

ሲሄዱ ጋሽ ናስረዲን ከኋላዬ መጡ። "ቱታሽን ምን አስያዘሽ?" አሉኝ። "ከሱ በቀር የኔ የምለው ምን አለኝ ጋሽዬ?" አልኩና ፊቴን ወደ ባጃጁ አዞርኩ። እንባዬ ካንዴላው ላይ ሲንጠባጠብ ራሴን ጠላሁት።

እሁድ ቤተ ክርስቲያን ዕንባቆም መዘምራን መሃል ቆሞ ነበር። ዓይኑ እኔ ላይ ነው፤ ይሰማኛል። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ዓይን ስኖር ነበር። አላየሁትም። መዝሙሩ ሲያልቅ በግቢው ዛፍ ሥር ደረሰብኝ።

"ጵርሴ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ሐሙስ ዕለት እኔ…"

"ሐሙስ ዕለት አንተ ነዳህ።"

"ስሚኝ እንጂ!"

"ነገ ሞተሩን እሰማለሁ" አልኩት። "የተጠራሁት እሱን ልጠግን ነው፤ አንተን አይደለም።"

ፊቱ ሲገረጣ አየሁ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አልለኝም።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስደርስ እናቴ ማሰሮዎቿን ደርድራ ልታቃጥል እንጨቱንና ሣሩን እየከመረች ነበር። እንደ ልማዷ ከሥር በኩል ቀዳዳ ትታለች፤ እሳት ካልተነፈሰ ሸክላው ይጠቁራል ትላለች። ሁሉንም ነገርኳት። "ይቅርብኝ ይሆን እማዬ? ልቅር?" አልኳት።

እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ደጅ ቆሜ ሸጥኩ" አለች። "ግቢ ያለኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አንቺ ግን ነገ ሂጂና ጀልባው ውስጥ ተቀመጪ። ያላጠፋ ሰው ምን ቆርጦት ይደበቃል?" እሷን እንደዚያ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር። ያን ቀን በእናቴ ኮራሁ።

ሰኞ ጠዋት በሞተር ሳይክል ቁልቁለቱን ወርጄ ሐይቁ ዳር ስደርስ ሦስቱም ቀድመውኛል። ወይዘሮ ገነቴ እንደ በዓል ነጭ በነጭ ለብሰው ከጀልባው ኋላ ካለችው ጣውላ ላይ ተቀምጠዋል። የቤንዚን ታንኩ ያለው እዚያው ጣውላ ሥር ነው፤ ከላዩ ማዳበሪያ ጆንያ ተሸፍኗል። ጋሽ ሳህሉ ጋቢያቸውን ጠቅልለው መሃል ላይ ናቸው። ዕንባቆም ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበቱ ቆሞ ጀልባውን ይዟል።

ቀጥ ብዬ ወደ ሥራዬ ገባሁ። ሞተሩን አዘንብዬ ፕሮፔለሩን አየሁ፤ ሣር የለም፣ ፌስታል የለም። ፊልትሮውን ፈታሁ፤ ንጹሕ ነው፣ ውሃ የለበትም። ካንዴላዎቹን አወጣሁ፤ እኔው የጠረግኳቸው ናቸው፣ እንደዚያው አሉ። ሞተሩ ሲነሣ ውሃው ከጎኑ በደንብ ይወጣል።

"የታንኩን ክዳን አይተኸዋል?" አልኩት ዕንባቆምን፣ ዓይኑን ሳላይ።

"ብሎኗን አልነካኋትም" አለ፣ ዓይኔን ሳያይ።

"እማማ ገነቴ፣ አንድ ጊዜ ይነሡልኝ፤ ታንኩን ልየው።"

"እዚሁ እጅሽን ሰደሽ እዪ! አንቺ በግራሶ እጅሽ ነጠላዬን ልትነኪብኝ ነው?"

ደሜ ፈላ። "ይቀመጡ" አልኩ። "የታመመ ሞተር ሲታመም ነው የሚታየው። እንሂድ።"

ዕንባቆም ጋዝ ሰጠ። ሞተሩ ጀልባውን ብድግ አድርጎ ወሰደው። ስልኬን አውጥቼ ሰዓት ያዝኩ። አንድ ደቂቃ፣ ሦስት፣ አምስት። ስምንተኛው ላይ ዳሩ ከኋላችን ርቆ ነበር። ዘጠነኛው ላይ የሞተሩ ድምፅ ሳሳ። ዕንባቆም ጋዝ ጨመረ፤ ጭራሽ ደከመ። ጀልባው አፍንጫውን ውሃው ላይ ደፋ፤ ሞተሩ ሁለቴ አስሎ ቆመ።

"ይኸው!" አሉ ወይዘሮ ገነቴ። "ይኸው ሥራዋ!"

ጎንበስ ብዬ የቤንዚኑን ጎማ ያዝኩ። የእጅ ፓምፗ እንደ ደረቀ ሎሚ ተጨምድዳ ጎኗና ጎኗ ተጣብቋል። ጨበጥኳት፤ አልተመለሰችም። በቃ። የታመመውን ቦታ አገኘሁት።

"ይነሡ፣ እማማ ገነቴ።"

"አልነሣም!"

"ገነቴ" አሉ ጋሽ ሳህሉ፣ "ተነሺ እንጂ። እዚህ ልናድር ነው?"

እያጉረመረሙ ተነሡ። ጆንያውን ገለጥኩት። ወይ ጉድ! የታንኩ አፍ ከነክዳኑ በኮባ ቅጠል ተሸፍኖ፣ በላዩ ሁለት ፌስታል ተደርቦበት፣ በቃጫ ሦስት ዙር ተጠፍሮ ታስሯል። እንኳን መርፌ አየርም አያስገባም። እንዲህ ያለ አሠራር እኛ አገር የሚያውቁት ባለሙያ እናቶች ብቻ ናቸው። ቆጮ እንዲህ ነው የሚታሸገው።

"ይህን ማን አሰረው?" አልኩ።

"እኔ ነኛ!" አሉ ወይዘሮ ገነቴ፤ ኩራታቸው ገና አልወረደም። "ለሽምግልና ስንሄድ የሽማግሌ ጋቢ ቤንዚን ይሽተት? ነጠላዬስ? እኔ ያሸግኩት ቆጮ አየር ገብቶት ተበላሽቶ አያውቅም!"

"እሱን ማን ይክዳል" አልኩ። "ቆጮ አየር ከገባው ይበላሻል። ቤንዚን ደግሞ አየር ካልገባው አይወጣም። ታንኩ ውስጥ ያለችው አየር የምታንቀሳቅሰው ዘጠኝ ደቂቃ ነው፤ ከዚያ ሞተሩ ይራባል። ሙያዎ ሙያ ነው እማማ፤ ቦታውን ነው የሳቱት።"

ቋጠሮውን በቢላ አልቆረጥኩትም። በጥፍሬ ፈታሁት። የመጨረሻው ዙር ሲለቅ ታንኩ ፉሽሽ ብሎ አየር ሳበ። የተጨማደደችው ፓምፕ በእጄ ላይ ቀስ ብላ ሞላች። ቃጫውን ጠቅልዬ "ንብረትዎ" ብዬ ዘረጋሁላቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ ከእጄ ዕቃ ተቀበሉኝ።

"አስነሣው" አልኩ።

ተነሣ። ዘጠኝ ደቂቃ ሄደ፤ ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት። እየዞርን ውሃውን አረስነው። ጋሽ ሳህሉ "እሰይ!" ብለው ጉልበታቸውን መቱ። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል! ገነቴ፣ በገዛ እጅሽ ነው እኮ ያስቀረሽን!"

እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም። ዕንባቆምን እያየሁት ነበር። "አጥፋው" አልኩት። ሞተሩ ጸጥ አለ።

"እናትህ ሲያስሩት የት ነበርክ?"

"እዚሁ። ጀልባው ላይ።"

"ደብዳቤዬን ጥለኸዋል?"

ከደረት ኪሱ በፕላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት አወጣ። እጥፋቱ ሊበጠስ ደርሷል። "የመጀመሪያውን መስመር በቃሌ ነው የማውቀው" አለ። "አውቅ ነበር ጵርሴ። እማዬ ስታስረው ዝም አልኳት። ወደ ማዶ እየነዳሁ ሞተሩ ሲደክም… ጌታን አመሰገንኩ። ማዶ ከምደርስ ብንሰጥም ይሻለኛል ብዬ ነበር። እሁድ ልነግርሽ የፈለግኩት ይህን ነው።"

እናንተ ብትሆኑ እዚህ ላይ ትቀልጡ ይሆናል። እኔም ቀለጥኩ፤ አልዋሽም። ሌላ ሴት ሊያመጣ አልነዳም፤ እኔን እንዳያጣ ነው የቆመው። ልቤ ብድግ አለ። ግን በዚያው ቅጽበት ሌላ ነገር ትዝ አለኝ፤ ቅዳሜ፣ ጋራዡ በር ላይ፣ እናቱ ሲጮኹብኝ።

"እና ስሜ በገበያ ሲጎተት የት ነበርክ?" አልኩት። ጩኸቴ ውሃው ላይ ሄደ። "'ዘሯ ነው' ሲሉኝ ምን አልክ? አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል እንዲህ ነው! እናትህን ፈርተህ በሞተር ተደበቅክ። እኔን ለመምረጥ ሞተር ማቆም ምን ያደርግልሃል? አፍህን መክፈት ነው የሚበቃህ! ሞተሩ እምቢ አለልህ ዕንባቆም። አንተስ መቼ ነው እምቢ የምትለው?"

አንገቱን ደፋ። ጋሽ ሳህሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ እያለቀስኩ ነበር፤ እንባዬን ግን አልጠረግኩም።

ወይዘሮ ገነቴ በዚህ መሃል ራሳቸውን ሰብስበው ነበር። ነጠላቸውን አስተካከሉ። "እንግዲህ ሞተሩ ከዳነ ነገር ምን ያስረዝማል?" አሉ። "ሳህሉም እዚሁ ነህ። ሰዎቹም ዛሬ ብንደርስ ይቀበሉናል። ልጄ፣ አስነሣና ወደ ማዶ ቀጥል። እሷን ስንመለስ እናደርሳታለን።"

እኔ ጀልባው ላይ ተቀምጬ! ዓይናቸውን በጨው አጥበው! ዕንባቆም ቀና አለ። ከተዋወቅን ጀምሮ እንደዚያ ሲያይ አይቼው አላውቅም። ወደ ታንኩ ጎንበስ አለና ያችን ትንሿን ብሎን በሁለት ጣቱ ይዞ ጥርቅም አድርጎ ዘጋት።

"ምን እያደረግክ ነው?" አሉ እናቱ።

"እንዳንቺ እየዘጋሁ ነው እማዬ" አለ። "ከፈለግሽ አስነሣዋለሁ። ዘጠኝ ደቂቃ ይሄዳል፣ ይቆማል። ነገም ብታሳፍሪኝ እዘጋዋለሁ። ከነገ ወዲያም። እኔ የማገባው ጵርስቅላን ነው። የአዜብን ልጅ። ቅዳሜ አንቺ በሷ ላይ ስትጮሂ ቤት ቁጭ ብዬ ነበር፤ እስከ ሞቴ አፍርበታለሁ። ዛሬ ግን በጋሽ ሳህሉ ፊት እላለሁ፤ እምቢ! ማዶ አልሄድም!"

ነፋሱ ጀልባውን ወደ ጎን ይገፋዋል። ወዲያኛው ዳር ሩቅ ነው፤ የኛም ዳር ሩቅ ነው።

ወይዘሮ ገነቴ ቃጫውን ጨብጠው ቀሩ። ሲናገሩ የጋራዡ ጩኸት አልነበረም። "አባትህ ሲሞት የዓመት ተኩል ልጅ ነበርክ" አሉ። "በነዚህ እጆቼ እንሰት ፍቄ፣ ቆጮ አሽጌ፣ ዘግቼ ነው ያሳደግኳችሁ። የዘጋሁት ነው ያተረፈን። አሁን ሰው ምን ይለኛል? ስሞት ዕድርተኛው በሬሳዬ ላይ ምን ያወራል?"

አሳዘኑኝ። እንዲያ ተናድጄባቸውም አሳዘኑኝ፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

"ገነቴ" አሉ ጋሽ ሳህሉ፣ "ሐሙስ ዕለት እዚህ ቆመን ስንጮህ ዕድሩ መጣልን? የጎተቱን ሁለት ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ገመዳቸውን ስንይዝ ዘራቸውን ጠየቅሻቸው? እኔም ሽማግሌ ነኝ እያልኩ ስንት ዓመት ዝም ብያለሁ። ዛሬ በዚች ልጅ ፊት አፈርኩ።"

"እኔ ደግሞ ገና እሺ አላልኩም" አልኩ። ሦስቱም ዞረው አዩኝ። "አዎ! የኔን ነገር እዚህ ቁጭ ብላችሁ ልትጨርሱት ነው? መጀመሪያ ስሜን ትመልሱልኛላችሁ፤ እዚያው ባጠፋችሁበት ገበያ ላይ። ቀጥሎ ሽማግሌ የሚመጣ ከሆነ ወደ እናቴ ቤት ይመጣል። ደጅ ቆሞ የሚያናግራት የለም። ገብቶ ይቀመጣል፣ ባበጀችው ሳህን ያቀረበችውን ይበላል። ያኔ እኔም አስቤ እመልሳለሁ።"

ልናገር የፈለግኩት ሁሉ ወጣልኝ። ከዚህ በኋላ ቢገፉኝም ዋኝቼ እወጣለሁ አልኩ በልቤ። መዋኘት አልችልም።

ወይዘሮ ገነቴ ቀስ ብለው ተንበረከኩ። ቃጫውን ከጎናቸው አስቀመጡት። ልጃቸው የዘጋውን ብሎን በዚያ ስንት ዘመን ቆጮ ባሸገ እጃቸው ያዙት፤ ጠበቀባቸው። እኔ ልረዳቸው እጄን ዘረጋሁ፤ እጃቸውን አልሸሹም። በሁለታችን ጣት ላላ። ቤንዚኑ ጣቶቻቸውን አራሰ። የሚጠርጉበት ፈለጉና አጡ፤ ዝም ብለው በዚያ በነጩ ነጠላቸው ጠረጉት።

"የእናትሽ ቤት ሩቅ ነው?" አሉኝ።

"ሩቅ አይደለም እማማ። ገበያ ሲሄዱ በበሩ ነው የሚያልፉት።"

ዕንባቆም ከመንጃው ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀልኝ። አላየሁትም፤ ገና ቁጣዬ አልበረደም። ግን ሳልፍ ትከሻዬ ትከሻውን ነካ፤ ሁለታችንም አልሸሸንም። ገመዱን ሳብኩት። ሞተሩ በአንዴ ተነሣ። የጀልባውን አፍንጫ ወደ ሀደሮ ዳር አዞርኩና ጋዝ ሰጠሁት።

ሰዓቴን አየሁ። ዘጠነኛው ደቂቃ አልፏል። ያን ጊዜ ነው የሦስቱ ቀን ነገር ሁሉ አንድ ላይ የመጣብኝና ስቅስቅ ብዬ ያለቀስኩት። ሦስቱም ፊት ለፊቴ ተቀምጠው ያዩኛል። ፊቴን አላዞርኩም።